ማን ቀነሰው? ስለ ማነስና ስለ ማፈግፈግ ቃላት

 

የዛሬው ርእሴ የማነስና የማፈግፈግ ቃላት ናቸው። ርእሱን ያስመረጠኝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ደብተር ነው። የቃላት መልመጃውን ገጽ ገልጣችሁ ብታዩ፣ በግራ በኩል ሽሪንክ፣ ዲክሪዝ፣ ዲሚኒሽ፣ ድዊንድል፣ ሪሲድ፣ ሰብሳይድ እያለ ይወርዳል። በቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች «መቀነስ፣ መቀነስ፣ መቀነስ» ተጽፏል። ቀጥሎ ሪትሪት፣ ዊዝድሮው፣ ሪኮይል ይመጣሉ፤ ፍቺያቸው «ማፈግፈግ፣ ማፈግፈግ፣ ማፈግፈግ» ነው። ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ነው የገለበጠው። ከዚህ ገጽ ተነሥቶ ግን እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር አሥር ቃል ያለው ሀብታም ቋንቋ፣ የእናቱ ቋንቋ ደግሞ በአንድ ቃል የሚብቃቃ ድሃ ነው ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሐሰት ነው። ሐሰትነቱን ለማሳየትም ከአቃቂ መውጣት አያስፈልገኝም።

ወንዛችን በበጋ ይጎድላል። የጉድጓድ ውሃ ይርቃል። ምንጭ ይነጥፋል፤ ላምም ትነጥፋለች። ዝናብ ያባራል፣ ትኩሳት ይበርዳል። የታመመ ሰው ይከሳል፣ ሕመሙ ሲጠናበት ይመነምናል። ያልጠገበ ልጅ ይቀነጭራል፣ ውሃ ያጣ ቡቃያ ይቀጭጫል። እንጀራ ይሳሳል፣ የጽዋ ከንፈር ይሸረፋል፣ መሬት ይቆረሳል። እሳት ያገኘው ላስቲክ ይኮማተራል፣ ብርድ የመታው ሰው ይኮራመታል፣ ሐፍረት የያዘው ይሸማቀቃል። በድግስ የተጀመረ ማኅበር ዓመት ሳይሞላው ይሟሽሻል። በካዝና ያለ ገንዘብ ይመናመናል። ድዊንድል ለሚለው ቃል ፍቺ የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህችን የመጨረሻዋን ያዙ፤ ጥቂት በጥቂት እያለ ሊያልቅ የደረሰ ነገር መመናመን እንጂ መቀነስ ብቻ አይደለም። በዚህ በአካባቢያችን የሚኖሩ የኦሮሞ አርሶ አደሮችም የጎደለውን «ሂርአቴ»፣ የደረቀውን «ጎጌ» ብለው ይለያሉ። ሁለቱን ቋንቋ እየሰማ ያደገ የአቃቂ ልጅ፣ ደብተሩ ላይ ካለው የእንግሊዝኛ ዝርዝር የሚበልጥ ሀብት ይዞ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው።

እንግዲህ ችግሩ የቃል እጥረት ካልሆነ ምንድን ነው? ችግሩ «ቀነሰ» የምትለው አንዲት ግስ የሌሎቹን ቦታ ሁሉ መያዟ ነው። በመማሪያ ክፍል ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በስብሰባ፣ በሪፖርት፣ በዜና፣ በደብዳቤም እሷው ነች። ይህች ግስ ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አላት፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

አማርኛ በልማዱ የሆነውንና ያደረገውን በግሱ ቅርጽ ይለያል። ውሃው ጎደለ፤ ሰውዬው ውሃውን አጎደለ። ዋጋው ወረደ፤ ነጋዴው ዋጋውን አወረደ። እንጀራው ሳሳ፤ ጋጋሪዋ አሳሳችው። አንዲት «አ» ስትጨመር ባለቤቱ ብቅ ይላል። «ቀነሰ» ግን ሁለቱንም በአንድ ቅርጽ ይሠራል። «ደሞዜ ቀነሰ» እንላለን፤ «ደሞዜን ቀነሰ»ም እንላለን። በመጀመሪያው ማንም የለም፤ ደሞዙ በራሱ ጊዜ እንደ ጥላ ያጠረ ይመስላል። በሁለተኛው ቀናሽ አለ። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ን» ናት። «ጨመረ»ም እንዲሁ ነው፤ «ዋጋ ጨመረ» ስንል ዋጋው ራሱ ተነሥቶ ጨመረ ወይስ ጨማሪ አለ? እንዲህ ያሉ ግሶች በእንግሊዝኛም አሉ፤ ሽሪንክ ራሱ አንዱ ነው፤ ጨርቁም ሽሪንክ ያደርጋል፣ አጣቢውም ጨርቁን ሽሪንክ ያደርገዋል። ስለዚህ አማርኛ ላይ የተለየ ጉድለት አላወራም። የማወራው፣ የሠራውን ሰው ከዐይን ለመሰወር ስለሚያመች ቃልና እኛም ሳናስበው ስለምናገለግለው ልማድ ነው።

ገበያ ወጥታችሁ ታውቁታላችሁ። ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ ይሸጣል። አምስት ፍሬ ቲማቲም፣ አራቱ ከሥር አንዱ ከላይ ሆኖ አንድ መደብ ነው እንበል። ዋጋው ያው ነው፣ መደቡ ግን አንድ ቀን አራት ፍሬ ይሆናል፤ ሦስቱ ከሥር፣ አንዱ ከላይ። ከፍ ብሎ የሚታየው ያው ነው፤ ከሥር ያለውን ካልቆጠራችሁ ለውጡን አታዩትም። ከመደቡም በፊት የሚጠፋ ነገር አለ፤ ምርቃት። «መርቂልኝ» ስትሏት አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሁለት ቃሪያ ጣል ታደርግላችሁ የነበረች ሴት፣ አንድ ቀን «ዛሬስ ይቅር፣ እኔም አልተመረቀልኝም» ትላለች። ይህች ሴት አልዋሸችም። ከጅምላ ሻጭም ይሁን ከእርሻ ማሳ ያመጣችው ዕቃ በውድ ገብቶባታል፣ የመኪና ጭነት ተጨምሮባታል። የእሷ መደብ ማነስ የሌላ ሰው ሥራ ውጤት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዋጋው ሳይነካ ዕቃው ለሚያንስበት ለዚህ ዓይነቱ የኑሮ ውድነት ሽሪንክፍሌሽን የሚል ቃል ከፈጠሩ ገና ብዙ ዓመት አልሆናቸውም። የአቃቂ ገበያተኛ ግን «መደቡ አነሰ» ብላ ነገሩን ቀድማ ጠርታዋለች። «ተወደደ» አላለችም። «አነሰ» አለች። ዐይኗ ያረፈው ገንዘቡ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው፤ ልክ ነች።

አሁን ወደ ፋብሪካ ልግባ። ይህ ሰፈር የተሠራው በባቡርና በፋብሪካ ነው። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካው፣ የቃሊቲ ብረታ ብረት፣ የቃሊቲ ምግብ፣ እነዚህ ስሞች ለናንተ የቤተሰብ ታሪክ ናቸው። ጨርቃ ጨርቁ በንጉሡ ዘመን ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቆቹን ድርጅቶች ሲወርስ የመንግሥት ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ሲዛወሩ አንድ ቃል በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ «ቅነሳ»። የሠራተኛ ቅነሳ።

ስለ ቅነሳ ክፉ ብቻ አልናገርም። ቃሉ ሕጋዊ ትርጉም አለው፤ ትርጉሙም ሠራተኛውን የሚጠቅም ነው። አዋጅ ቁጥር 377/1996ም፣ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቅነሳ የሚባለው መቼ እንደሆነ ልክ አበጅተውለታል፤ ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ አሥር በመቶውን የሚነካ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው የሚነካ፣ ከአሥር ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ የሚፈጸም መሆን አለበት። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር መመካከር ይጠበቅበታል። ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚወጣ የሚለይበት ቅደም ተከተልም ተቀምጧል፤ መጀመሪያ የሚታየው ችሎታና የሥራ ውጤት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ግን ነገሩ በስሙ ሲጠራ ነው። «ሥራ ቀዘቀዘ»፣ «ሰው ቀነሰ»፣ «ፈረቃው ተጠቃለለ» በሚል ቃል ከተሸፈነ፣ ሠራተኛው ሕጉ የሰጠውን መብት የሚጠይቅበት በር አያገኝም። «ሰው ቀነሰ» ከተባለ የሚጠየቅ የለም። «አሠሪው ሠራተኛ ቀነሰ» ከተባለ ግን ስንት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ከማን ጋር ተመካክሮ የሚሉት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ።

ከዚህም የሚከብድ ቃል በዚሁ በኛ ክፍለ ከተማ ውስጥ አለ፤ «ተነሺ»። ቱሉ ዲምቱን፣ ገላንን፣ ቂሊንጦን የሚያውቅ ሰው፣ የዛሬዎቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች የቆሙበት መሬት ትናንት የጤፍ፣ የሽምብራና የስንዴ ማሳ እንደነበረ ያስታውሳል። ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቅ። ከተማው ቤት ያስፈልገው ነበር፣ ያስፈልገዋልም፤ ያንን አልክድም። ያሳሰበኝ አጠራሩ ነው። ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በርእሱ ውስጥ «ተነሺዎች» ይላል። ተነሺ ማለት በሰዋስው ደንብ በራሱ የሚነሣ ሰው ነው፤ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ ከእንቅልፉ የሚነሣ። አርሶ አደሩ ግን «ተነሣ» ሲባል «አልነሣም» ማለት ይችል ነበርን? ያነሣው አካል አለ። ካሳው ልክ ነው አይደለም ብሎ ለመከራከር መጀመሪያ አንሺው በቃሉ ውስጥ መታየት ነበረበት። ርስቱ «ተቆረሰ» ሲል ግን አርሶ አደሩ ራሱ ነገሩን በትክክል ይጠራዋል፤ የሚቆርስ እጅ ሳይኖር የሚቆረስ ነገር የለምና።

በገንዘብም ላይ ይኸው ነው፤ እዚህ ግን ብዙ አልቆይም። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲሆን፣ ይህ የመንግሥት ውሳኔ ነበር፤ ብሩን አወረደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ በኋላ በየቀኑ ባንኮች የሚለጥፉት ቁጥር ሲቀየር ደግሞ ብሩ ወረደ ይባላል። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን ዲቫልዌሽን፣ ሁለተኛውን ዲፕሪሲዬሽን ብሎ ይለያቸዋል። የኛ ጋዜጠኞች ለሁለቱም «የብር ዋጋ መቀነስ» ይላሉ። «ማውረድ»ና «መውረድ» የሚባል የተለየ ነገር በእጃችን እያለ!

የውሃው ነገር ይለያል፤ እዚያ አማርኛችን በጣም ይረቃል። ወንዝ የሚጎድለው እንደገና ሊሞላ ነው፤ «ጎደለ» የሚለው ቃል ውስጥ ሊሞላ የሚገባው መጠን አለ። የጉድጓድ ውሃ ሲርቅ ግን ውሃው አልጠፋም፣ ገመዱ አጠረ። ከአቃቂ በታች ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ለአዲስ አበባ ከሚቀርበው ውሃ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ከኛው ምድር ይቀዳሉ። ከተማው ብዙ ሲቀዳ ውሃው ይርቃል፤ ጣራውና አስፋልቱ ሲበዛ ደግሞ ዝናቡ ወደ ምድር መስረጉን ትቶ በጎርፍ ይሄዳል። «ራቀ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ አይናገርም፤ ግን ውሃው ያለ መሆኑን፣ እኛ ልንደርስበት አለመቻላችንን ይናገራል። ከ«አለቀ» ጋር ማምታታት የለብንም።

አባ ሳሙኤልን ደግሞ ተመልከቱ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት ሐይቅ ነው። ጣሊያኖች የጨረሱት ግድብ ያስገኘው፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ በአገራችን የውሃ ኃይል ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ጣቢያ እዚያ ነው። ጣቢያው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል። ሐይቁ ግን እያነሰ ነው። ያነሰውም ጎድሎ አይደለም፤ ሞልቶ ነው። ደለል ሞላው፤ ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ ሞላው፤ ላዩን እምቦጭ ሸፈነው። የውሃው ቦታ ጠበበ። በእንግሊዝኛ ስለዚህ ሐይቅ የሚጽፍ ተማሪ ሪሲድ ብሎ ቢጽፍ ይሳሳታል፤ ውሃው ወደ ኋላ አልሸሸም፣ ከሥሩ አፈር ገባበት እንጂ። ወደ አቢያታ ብንሄድ ግን ሪሲድ ትክክለኛ ቃል ነው፤ ገባር ወንዞቹ ለመስኖ ስለተጠለፉና ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃው ስለተሳበ፣ ዳርቻው እየሸሸ ነጭ ሜዳ ጥሎ ሄዷል። ሐረማያ ደግሞ ጨርሶ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል፤ ለእሱ የሚስማማው ቃል «ነጠፈ» ነው፤ የነጠፈች ላም ስትወልድ መልሳ ትታለባለችና።

«ሸሸ» ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእንግሊዝ አገር ሕዝብ በደሴት ላይ የሚኖር ስለሆነ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲገባና ሲሸሽ ያያል። ለመሸሹ ኤብ የሚል ጥንታዊ ቃል አለው፤ ስለ ጉልበት፣ ስለ ተስፋ፣ ስለ ዕድሜ ማለቅ ሲናገርም ያንኑ ቃል ያነሣል። እኛ ደገኞች የባሕር ሙላት አናውቅም ትሉ ይሆናል። ጣና ዳር ያለ ገበሬ ግን ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሲያፈገፍግ የሚገለጠውን እርጥብ መሬት ያርሳል፤ ስሙንም «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ውሃው ሸሽቶ የሰጠው መሬት። ኤብ የሚለውን ቃል ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ቃል ልምጣ፤ ወደ ማፈግፈግ።

እንግሊዝኛው ሪትሪት የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፤ ወደ ኋላ መሳብ ማለት ነው። ዊዝድሮውም የራሳቸው የጥንት ቃል ሆኖ በውስጡ መሳብ አለ። በእንግሊዝኛ ጦር ሪትሪት ያደርጋል፣ መነኩሴም ለጸሎት ሪትሪት ይገባል፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም ለዕቅድ ስብሰባ ሪትሪት ይወጣሉ። ይህ የመጨረሻው አጠቃቀም በኛም መሥሪያ ቤቶች ገብቷል፤ «ሪትሪት ቢሾፍቱ ነን» ይባላል። አማርኛ ግን እነዚህን አይቀላቅልም። የጦሩ ማፈግፈግ ነው። የጸሎቱ ሱባኤ ነው፤ ጨርሶ ከዓለም የራቀውም መነነ ይባላል። ጠላትን ሸሽቶ ወደ ኋላ ያለና እግዚአብሔርን ሽቶ ወደ ዋሻ የገባ በአንድ ቃል ሲጠሩ ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል።

ይህ ልዩነት በኛ በአቃቂ ባቡር ሐዲድ ላይ ታሪክ ሆኖ አልፏል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1909። በዚያው ሐዲድ ላይ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የያዘ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ጦሩ ከተሸነፈ አንድ ወር አልፎታል። የጣሊያን ጦር ወደ ዋና ከተማው እየገሠገሠ ነው። ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በጣሊያን ኩባንያ የተሠራው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ የአገሪቱን ድምፅ ለዓለም ሲያሰማ ቆይቶ ጸጥ ሊል ተቃርቧል። ሹማምንቱ ተሰብስበው ምን ይደረግ ተባለ። አብዛኞቹ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዠኔቭ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት እንዲሉ መከሩ። እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉ ግን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ንጉሥ ከአገሩ ወጥቶ አይሄድም፣ በአገሩ ሆኖ ይዋጋል ነው ነገሩ። ሚያዝያ 27 ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ።

እዚህ ላይ ነው ቃል የደም ያህል የከበደው። የንጉሠ ነገሥቱን መሄድ ምን እንበለው? የተቃወሙት «ሸሹ» አሉ። ደጋፊዎቹ «ለአቤቱታ ሄዱ» አሉ። የጦር ሰው «አፈገፈጉ» ሊል ይችላል፤ ማፈግፈግ ግን ወደ ሌላ የመዋጊያ ቦታ መመለስን ይጠይቃል፤ ያን የሠሩት በአገር ውስጥ የቀሩት ናቸው። ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው እስከ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተዋግተው ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ሲዋጉ ቆይተው ተይዘው ተገድለዋል። ያ ማፈግፈግ ነው፤ በሕዝቡም ዘንድ ክብሩ አልቀነሰም።

ንጉሠ ነገሥቱስ? ጸንቶ የቀረው ቃል «ስደት» ነው። እኔም ይህ ቃል ትክክል ነው ባይ ነኝ። «ሸሹ» የሚለው ቃል ከኋላ የነበረውን ብቻ ያያል፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዠኔቭ ላይ ቆመው በአማርኛ ያሰሙትን ንግግር አያይም። «ለአቤቱታ ሄዱ» የሚለው ደግሞ ከፊት ያለውን ብቻ ያያል፤ በየጫካው ያለ ንጉሥ የቀረውን ሕዝብ አያይም። ስደት ግን ሁለቱንም ይይዛል፤ የሚያባርር አለ፣ የሚመለሱበት ቀንም አለ። ቃሉ ለኛ ሕዝብ የሽንፈት ቃል ሆኖ አያውቅም። በየዓመቱ በጽጌ ጾም ወቅት እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰባል፤ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በመካ ግፍ ሲደርስባቸው መጀመሪያ የተሰደዱት ወደ አክሱም ንጉሥ ነው። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ስደተኛ የተከበረ ስም ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ፍሊ ይሉ ነበር ወይስ ኤግዛይል የሚለው ምርጫም ያው ክርክር ነው፤ የኛው ግን ከእምነት የመጣ ክብደት ስላለው ይጠልቃል።

ሆኖም ቃሉ ከድል በኋላ ሌላ ሸክም ተሸከመ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱ አገሪቱ በሦስት ስሞች ተከፍላ ጠበቀቻቸው፤ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። ሥልጣን ሲከፋፈል፣ ርስት ሲሰጥ፣ ወንበር ሲያዝ የነዚህ ሦስት ስሞች ቂም ለብዙ ዓመታት ቤተ መንግሥቱን ሲያናውጥ ኖሯል። ብላታ ታከለም ከድል በኋላ ደጋግመው ታስረዋል። ልጆቼ፣ ታሪክ ስታነቡ በአንድ ገጽ ላይ «ንጉሡ ሸሹ»፣ በሌላው «ንጉሡ ተሰደዱ» የሚል ብታገኙ፣ ጸሐፊው በዚያች ግስ ፍርዱን እንደሰጠ እወቁ።

ስለ ሐዲዱ ካነሣሁ አይቀር፤ ያ የቀድሞ ባቡር ዛሬ የለም። በከተማው ውስጥ የሚሄደው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በ41 ባቡሮች ነበር፤ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው መስመር የናንተው ነው። የሚሠሩት ባቡሮች ከዚያ በእጅጉ አንሰዋል፤ የመለዋወጫ እጥረት ነው ምክንያቱ። በማስታወቂያ «ምልልሱ ቀንሷል» ይባላል። ቃሊቲ ፌርማታ ላይ የምትጠብቅ ሴት ግን «ባቡሩ ጠፋ» ትላለች። ለኔ የሴትዮዋ ቃል ይበልጣል፤ የጠፋ ነገር ይፈለጋልና።

ሳልዘነጋው፤ ሪታየር የሚለውም የዚሁ ዘር ነው፤ በፈረንሳይኛ ወደ ኋላ መሳብ ማለት ነው። እንግሊዙ ዕድሜው የደረሰውን ሠራተኛ ወደ ኋላ ሳበው። እኛ ግን ጡረታ አወጣነው። ጡረታ መጦር ከሚለው ነው፤ ልጅ እናት አባቱን ይጦራል። የኛ ቃል ስለ ሰውየው ማነስ ምንም አይልም፤ የሚናገረው ስለ ጧሪው ግዴታ ነው። ዕድሜውን በሽመና ማሽን ጩኸት ውስጥ ያሳለፈ የአቃቂ አባት ይህ ስም ይገባዋል፤ የሚያገኘው ወርኃዊ ክፍያ ስሙን ይመጥናል አይመጥንም የሚለውን እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አሁን ለመምህራን ጥቂት ልበል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል እንደ ትምህርት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም የሚነበበው በእሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋ ግን አንዱ መሆኑን በክፍል የሚውል መምህር ሁሉ ያውቃል። የጂኦግራፊው ጥያቄ ሐይቁ ሪሲድ አደረገ ሲል «ቀነሰ» ብሎ የተረጎመ ልጅ፣ ዳርቻው የት እንደደረሰ የሚጠይቀውን ቀጣይ ጥያቄ አይመልስም። «ሸሸ» ብሎ ያወቀ ግን ይመልሰዋል።

መጽሐፉ አለን። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አለ። የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ነው የሚያሳየው፤ ቃል የሚፈታው በዐረፍተ ነገር እንጂ ብቻውን እንዳልሆነ የገባቸው ሰው ነበሩ። ከአማርኛ ወደ አማርኛም የከሣቴ ብርሃን ተሰማና የደስታ ተክለ ወልድ ሥራዎች አሉ። በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከነዚህ አንዱ እንኳ ቢኖር፣ መምህሩ በሰሌዳው ቀኝ ጎን አሥር ጊዜ «መቀነስ» አይጽፍም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ጨምሬ ላብቃ። አማርኛ የሚያንሰውን ነገር ከመጥራት አልፎ ግሱን ራሱን ያሳንሰዋል። «አፈገፈገ» ጦር ነው፤ «ፈግፈግ አለ» ግን ለታላቁ መቀመጫ የለቀቀ ሰው ነው። «ቀነሰ» ደሞዝ ነው፤ «ድምፁን ቀነስ አደረገ» ግን ጎረቤት ለጎረቤት ያደረገው ነው። ከሳሪስ ቃሊቲ በሚኒባስ ስትመጡ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሰብሰብ በሉ» ይላል፤ አንድ ሰው ይቀመጥ ዘንድ ሦስት ሰው ሰውነቱን ያሳንሳል። ሰብሰብ ማለትን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል አያገኘውም። በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ለዚህ ፍቺ ፈልጉ ብላችሁ የቤት ሥራ ብትሰጡ፣ ልጆቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ይከራከራሉ፤ በክርክሩም ብዙ እንግሊዝኛ ይማራሉ።

የቀረውን ጊዜ ለናንተ እተወዋለሁ። በተለይ በጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የሠራችሁ፤ ጨርቁ ታጥቦ ሲያጥር፣ ክሩ ሲሳሳ፣ ፈረቃው ሲታጠፍ በመካከላችሁ የምትጠሩባቸውን ቃላት መስማትና መጻፍ እፈልጋለሁ። ማይክራፎኑ እዚህ ከፊት ያሉት አባት ጋ ይድረስልኝ።